ቁልቁለት የመለሰው

ውርርዱን የእህቴ ልጅ ያፌት ነው ያመጣው፤
«አጎቴ፣ ወሬ ይብቃን፤ ሰዓት ይንገረን» አለ፣ «ዳገቱን ማን ቀድሞ እንደሚወጣው።»
ከደብረ ሲና ቆሎ ሻጮች ደጅ፣ በማለዳ፣
ጎን ለጎን አቆምናቸው፤ የኔን ላንድሮቨርና የሱን እንግዳ።

የኔው አሻግሬ ነው። ስሙን ያወጡለት የአርማንያ ሰዎች፣
ጎርፍ ድልድዩን በወሰደ ክረምት፣ ቢያሻግር ነፍሰ ጡሮች።
ቀለሙ አረንጓዴ ነበረ፤ ዛሬስ ምን እንደሆነ እንጃ፤
የግራው በር በገመድ ይታሰራል፤ መቀመጫው ከረጢት ላይ ስጋጃ።

የሱስ? የሱ ነጭ ናት፤ ሆዷ ውስጥ ቤንዚን የለ፣ ዘይት የለ፤
ሲቀርባት ያለቁልፍ ተከፈተች፤ አየሁና ልቤ ትንሽ ቆሰለ።
ኮፈኗን ክፈት አልኩት፤ ልማዴ ነው እጄን ወደ ሞተር መስደድ፤
ባዶ ሣጥን ገጠመኝ፤ ጫማው ተኝቷል ከነቻርጅ ገመድ።

ተነሣን።
እኔ በሁለተኛ ማርሽ፣ እሱ በ... ማርሽ የላትም፣ በምን ልበል፤
ከመጀመሪያው ኩርባ ወዲያ ጭስ እንኳ አልተወችልኝ፣ በጭሷ እንድከተል።
አሻግሬ ግን ዳገቱን ያውቀዋል፤ ያንጎራጉራል የራሱን ዜማ፤
ካንዴላው ሲስት በጆሮዬ አይደለም፣ በእግሬ ጣት ነው የምሰማ።
ፍሪሲዮኑ ሲሸት፣ ሙቀቱ ሲወጣ፣ ሳልጠይቀው አውቃለሁ፤
ቆሜ፣ ታኮ ድንጋይ ደግፌ፣ ከጄሪካን ውሃ አጠጣዋለሁ።
ጭላዳዎቹ ሣር እየነጩ ከአፋፉ ላይ ሲያዩን፣
አንዱ ጎፈሬያም ፊቱን አዞረ፤ እሱም ታዘበን።

ዋሻው አፍ ስደርስ ያፌት ጉም ውስጥ ቆሞ ይጠብቃል፤
ሰዓቱን አላሳየኝም፤ ጨዋ ልጅ ነው፣ ማፈር ያውቃል።
እኔው ጠየቅሁት። «አሥራ አራት ደቂቃ» አለ፣ መሬት መሬት እያየ።
የኔ አርባ አንድ ነው። ደግሜ ቆጠርኩት፤ ቁጥሩ አልተለየ።

እዚህ ላይ ሰው ሰበብ ያበዛል። እኔም ጀማምሬ ነበረ፦
«ያኔ ብረቱ ብረት ነው፣ የዛሬው ቆርቆሮ...» አፌ ላይ ቀረ።
ውሸት ነዋ። ስንት ክረምት ጭቃ ውስጥ አሳድሮኛል፤
የስንት በሬ ዋጋ በካርቡራተሩ በኩል ተኖብኛል።
መዘዞ ላይ አንድ ሌሊት፣ ሕመምተኛ ጭኜ፣ አልነሣም ያለኝን—
ተዉት። እሱና እኔ እናውቃለን ያለፈውን።

«ቁልቁለቱን በኔ እንውረድ» አለ። አሻግሬን ዋሻው ደጅ ትቼ፣
እንደ እንግዳ በቀኝ ወንበር ተቀመጥኩ፣ ጉልበቴን ይዤ፣ ፈርቼ።
ቁልቁለት አውቃለሁና። የጣርማ በር ቁልቁለት ፍሬን ይበላል፤
ጎማ ይሸታል፣ እግር ይንቀጠቀጣል፣ ሹፌር ስለት ይሳላል።
ሠላሳ ስምንት ዓመት ወርጄዋለሁ፤ የወረድኩት ሁሉ በኪሳራ፤
ሸራ እየቀየርኩ፣ ላብ እየጠረግሁ፣ ለሮቢት የሽንኩርት ተራ።

ያፌት እግሩን አነሣ። መኪናዋ ራሷን ያዘች፤ ቀስ አለች፤
አንዲት አረንጓዴ መስመር ሰሌዳው ላይ በራች።
«ምንድን ነው?» አልኩት። «ቁልቁለቱ ነው» አለኝ፣ «እየመለሰልን፤
ሽቅብ የከፈልነውን ኃይል፣ ሁሉን ባይሆንም ጥቂቱን።»
ዋሻው አፍ ላይ ስልሳ አንድ ነበር ከመቶ፤
ሮቢት ማንጎ ሻጮቹ ዘንድ ስንደርስ ስልሳ ስምንት ሞልቶ።

በፍጥነቷ አልቀናሁም። አሥራ አራቱን ደቂቃ ትውሰደው።
ጆሮዬም ሥራ ፈት ይሁን፤ ሰው የማይለምደው የለው።
ግን ይህን፣
ወርዶ መሙላትን—
ስልሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ አፋፉን ካለፍኩ ቆየሁ፤
ቁልቁለት ሲወስድ እንጂ ሲሰጥ መች አየሁ።

ማምሻውን ያፌት ዋሻው ደጅ መለሰኝ። ጉሙ አሻግሬን ውጦታል፤
በእጄ ዳስሼ አገኘሁት፤ ብርዱ ጤዛ አልብሶታል።
በሦስተኛው ሙከራ ተነሣ፤ ሳለ፤ አጨሰ፤
ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ለቀቅሁት፤ እግሬ ፍሬኑ ላይ ደረሰ።
የቤንዚን መለኪያውን አየሁ። መርፌው ከቆመ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤
እያወቅሁ፣ በየኩርባው አየሁት፤ ዓይን መቼም ማየቱ ነው።